ገንዳው እስኪሞላ

ካፊያ የሙዚቃ መምህርት የሆነችው ከስብሰባ ስለቀረች ነው።

በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሶማሌ ክልል፣ ደምበል ትምህርት ቤት ሲደርስ ማንም ያልጠራው እንግዳ ይዞ መጣ፤ ክወናና እይታዊ ጥበባት የሚባል ትምህርት፣ ሙዚቃም በውስጡ። ዳይሬክተሩ ማሃድ መምህራኑን ሰብስቦ «ማን ይይዘዋል?» ሲል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አዩ አሉ። ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ቆርቆሮ ነው። ካፊያ በዚያን ሰዓት የውሃ ቦቴ መጥቶ ወረፋ ላይ ነበረች። በማግስቱ ስትመጣ ስሟ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አገኘችው። በቀረ ሰው ላይ መፍረድ ደግሞ የትም አገር ያለ ልማድ ነው።

«ማሃድ፣ እኔ ሶማልኛ አስተማሪ ነኝ» አለችው።

«ለጊዜው ነው። ሰው እስክናገኝ።»

«ማያ፣ አይሆንም! ለጊዜው የሚባል ነገር አላውቅም። ከሰጣችሁኝ አልመልስም» አለችው። እሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ በኋላ ካፊያን ሳውቃት ያ ሳቅ ምን ያህል እንዳስከፈለው ገባኝ። እሷ የያዘችውን ነገር ከእጇ ለማስለቀቅ ጣቷን መቁረጥ ነው የሚቀለው።

እኔ ሩቲ እባላለሁ፤ የጅግጅጋ ልጅ ነኝ። አያቴ በወታደርነት መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ወንድሜ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እየተጫወተ ነው ያሳደገኝ፤ ስለዚህ ሙዚቃ አውቃለሁ ብዬ ነበር የማስበው። በዚያው ዓመት ክረምት አንድ ዩኒቨርሲቲ ጅግጅጋ ላይ የትምህርት ቤት ግቢ ተከራይቶ የሙዚቃ መምህራን ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ ሆንኩ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ዋናው ዲግሪዬ ገና እነሱ ጋ ነው ያለው።

ሠላሳ አራት ሠልጣኝ፣ አንድ ኪቦርድ። መብራት ሲሄድ እሱም የለም። ስለዚህ የጌታሁን የሚባለው አሠልጣኛችን የኪቦርዱን ነጭና ጥቁር ቁልፎች ካርቶን ላይ እንድንስል አዘዘን፤ ሠላሳ አራታችንም ዴስክ ላይ ካርቶን ዘርግተን በጣታችን ስንጠቀጥቅ እንውላለን። ከውጭ የሚያየን ሰው በመስኮት ቆሞ ያማትባል፣ ወይም «ያ አላህ!» ብሎ ያልፋል። አጠገቤ የምትቀመጠው ረጅም፣ ቀጭን፣ ዐርባ ዓመት ያለፋት ሴት ሦስት ቀን ዝም ብላ ጠቀጠቀች። በአራተኛው ቀን ካርቶኗን አጥፋ ማራገቢያ አደረገችው።

«አባዮ» አለችኝ፣ እህቴ እንደማለት ነው፣ «አንቺ ይሰማሻል? እኔን አይሰማኝም።»

ከካፊያ ጋር እንዲህ ተዋወቅን። ከዚያ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን። እሷ አምስት ጊዜ ትሰግዳለች፣ እኔ ጾሜን እጾማለሁ፤ የምንጣላው በእምነት ሳይሆን በጣም ጮክ ብላ ስለምትዘፍን ነው። ሻይ ስታፈላ ትዘፍናለች፣ ልብስ ስታጥብ ትዘፍናለች፤ እጇ ሲቆም ድምፁም ይቆማል። አንዴ «እስኪ የትናንቱን ድገሚልኝ» ብላት «ምን ልጠብ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ የምሯን ነበር።

መምህር የጌታሁን ክፉ ሰው አይደለም። ይህን የምለው ስለምፈራው አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ጣቶቹ ኪቦርድ ላይ ሲያርፉ የተሰበረውን ቁልፍ እንኳ ያስረሱሃል። ችግሩ ቅጽ ይወዳል። ቅጽ ላይ የሌለ ነገር ለእሱ አልተፈጠረም። እኔን ጅግጅጋ ላይ የማስተማር ልምምድ ሲፈትነኝ ስልኬን አይቼ ደወል ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ትምህርቱን ዘጋሁ። አምስት ነጥብ ቀነሰብኝ። «የመምህር ሰዓት ደወል ነው፣ ስልክ አይደለም። ክፍለ ጊዜ ከደወል እስከ ደወል ነው፤ ቅጹ ላይ አንብቢው» አለኝ። ያቺ አምስት ነጥብ እስካሁን ታንገበግበኛለች።

በሁለተኛው ክረምት ከየአካባቢያችን አንድ ዘፈን በኖታ ጽፈን እንድናመጣ አዘዘ። ካፊያ የግመል ውሃ ማጠጫ ዘፈን ይዛ መጣች። ውሃ ቀጂዎቹ ተደርድረው ባልዲ ሲቀባበሉ የሚሉት ነው፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ባልዲውን ሲያነሣ ይመልሳል። ዘፈኑ የወንዶች ነው፤ ካፊያ ግን አባቷ ገና ልጅ ሳለች ስለሞቱ አጎቷ ሻርማርኬ ጉድጓድ ዳር ሰው ሲጎድላቸው ነበር የሚያሰልፏት። መምህር የጌታሁን ወረቀቱን አገላብጦ አየ።

«ጥሩ ነው። ግን መዝጊያው የት አለ? ድርብ መስመሩን የት ላይ ላድርገው?»

«ገንዳው ሲሞላ ነው የሚያልቀው» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም።

«ካፊያ፣ ይሄ ሥራ ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም» አላት፣ በቁጣ ሳይሆን እንደሚያስተምር ሰው።

«መምህር፣ ሥራው ያለ ሙዚቃው አይሠራም» ብላ ወረቀቷን ተቀብላ ተቀመጠች። ማታ ቤት ገብተን ልብስ አጠበች። ንጹሕ ልብስ ሁሉ አጠበች።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። በ2017 ኅዳር መምህር የጌታሁን እየዞረ ሊፈትነን ሲወጣ ካፊያ ጨንቋት ከደምበል ደወለችልኝ። ማለፊያው ይህ ፈተና ነው፤ የወደቀ አንድ ጊዜ ይደግማል፣ ዳግመኛ የወደቀ ይሰናበታል። ማሃድም አስቀድሞ ነግሯታል፤ ካላለፈች የሙዚቃውን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጠዋል። ተማሪዎቿ ኪቦርድ አይተው አያውቁም፤ ምን ባስተምር ይሳተፋሉ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን የማላውቀው አለ!

«ቀላል ነው፤ የሚያውቁትን ዘፈን ስጫቸው። የግመሉን። ኖታውን ሰሌዳ ላይ ጻፊ፣ በኪቦርድ ምቺ፣ ድርብ መስመር አድርጊበት፣ በዐርባ ደቂቃ ጨርሺ።»

 ሁለት ጊዜ ደግማ አስነገረችኝ።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ፤ እኔን አይተው ነው።

የሆነውን በኋላ ነገረችኝ። ሰባተኛ ክፍል ገባች፤ ኖታው ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፣ ኪቦርዱ በባትሪ ይሠራል፣ መምህር የጌታሁን ከኋላ ቅጹን ይዞ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን መስመር ዘፈነችና «መልሱልኝ» አለቻቸው። ማንም አልመለሰም። ደግማ ዘፈነች። ዐርባ ስምንት ልጅ መሬት መሬቱን ያያል። ሂባቅ የምትባል ተማሪ ከፊት ወንበር ተነሥታ «መምህርት፣ የሞቱትን ትጠሪያለሽ?» አለቻት።

ልጆቹ የ2014ቱን ድርቅ ያውቃሉ። ግመሎቻቸው መንገድ ዳር ተኝተው ሲቀሩ ያዩ ልጆች ናቸው። ያ ዘፈን ግመልን ወደ ውሃ መጥሪያ ነው፤ ገንዳው ባዶ ሆኖ፣ ውሃ ሳይኖር ከተጠራ የሚመጣው ሌላ ነው ብለው ያምናሉ። ኅዳር ላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ቢርካ፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ ታችኛው ደረጃው እስኪታይ ደርቆ ነበር። ካፊያ ኖታውን ከሰሌዳው አጠፋች። መምህር የጌታሁን «ተማሪዎችን ማሳተፍ አልቻለችም» ብሎ ጻፈና ጣላት።

ወሬው ሠፈር ውስጥ ሳይውል ሳያድር ደረሰ። አጎቷ ሻርማርኬ ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት፤ በድርቁ ጊዜ ያላቸው ግመል ሁሉ አልቆባቸው፣ ከዚያ ወዲያ ከአፋቸው ዘፈን ወጥቶ አያውቅም። ሦስት ቀን አላናገሯትም። በአራተኛው «በባዶ ገንዳ እንደማይዘፈን አታውቂም?» አሏት።

«አውቅ ነበር፣ አብቲ» አለቻቸው አጎቷን። «ለነጥብ ብዬ ነው።»

ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። «የኔ ጥፋት ነው» ብላት «አንቺ አታውቂም ነበር አባዮ፤ እኔ አውቅ ነበር» አለችኝ። ይቅርታዋ ከስድብ የባሰ አቃጠለኝ።

የድጋሚው ፈተና ግንቦት ላይ ተቆረጠ። ዝናቡ ጥሎ፣ ቢርካው ሞልቶ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ የሠፈሩ ግመሎች ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ካለው የሲሚንቶ ገንዳ ይጠጣሉ፤ ቢርካውን የቆፈረው ሠፈሩ ስለሆነ ስምምነታቸው እንደዚያ ነው። ካፊያ ማዕከሉ ድረስ ደውላ ፈተናው ማክሰኞ እንዲሆን ጠየቀች። ማሃድን ደግሞ ለመነችው፤ እንዲያውም መለመን አይባልም፣ ነገረችው። ማሃድ በውሃ ጉዳይ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ልጆች እጃቸውን ሲታጠቡ ቆሞ የሚቆጥር።

«ለግመሎቹ ከሚቀዳው ሌላ አንድ ባልዲ አትጨምሪም» አላት።

«አንድ ጠብታ አልጨምርም» አለችው።

ለድጋሚ ፈተና የሥራ ባልደረባ ምስክር ስለሚያስፈልግ እኔ ተመረጥኩ። ከመምህር የጌታሁን ጋር በማዕከሉ መኪና ከጅግጅጋ ተነሥተን አቧራ እየጠጣን ደምበል ገባን። መንገድ ላይ «ኪቦርዱን አዘጋጅታለች?» ብሎ ጠየቀኝ። «ተዘጋጅታለች» አልኩት። ውሸት አልተናገርኩም።

ስንደርስ ክፍሉ ባዶ ነው። ልጆቹ ከቢርካው በር እስከ ገንዳው በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል፤ እጃቸው ላይ ባልዲ፣ የዘይት ጀሪካን ቁራጭ፣ ያገኙት ሁሉ። ውሃው የደረሰበት ደረጃ ላይ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ አጎቷ ሻርማርኬ ሽርጣቸውን ሰብስበው ቆመዋል። ከአጥሩ ማዶ ዐሥራ አንድ ግመል ይጠብቃል።

መምህር የጌታሁን እኔን አየኝ፤ እኔ ግመሎቹን አየሁ።

«ካፊያ፣ ይሄ የመጨረሻ ዕድልሽ መሆኑን ታውቂያለሽ?» አላት።

«አውቃለሁ መምህር። ወንበር በጥላው በኩል አድርጌልዎታለሁ» አለችው።

«የትምህርት ዕቅድሽ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ በሚለው ቦታ ባልዲ ብለሻል።»

«አዎ፣ ባልዲ ነው።»

ማሃድ ከቢሮው ደጅ በደወልነት የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት መታው። ትምህርቱ ተጀመረ።

እኔ ብዙ የሙዚቃ ክፍል አይቻለሁ። እንዲህ ያለ አላየሁም። ካፊያ መጀመሪያ ያለ ውሃ አራት ጊዜ አስጨበጨበቻቸው፤ ከዚያ ረድፉን ለሁለት ከፈለችው። የታችኞቹ ሲያነሡ ይጠራሉ፣ የላይኞቹ ሲያፈሱ ይመልሳሉ። «ምቱን የሳተ እግሩ ይረጥባል፣ ኖታው ይኸው ነው» አለቻቸው። እውነትም አንዱ ሲቸኩል ውሃው በጎረቤቱ ጫማ ላይ ይደፋል፤ ረድፉ ይስቅና ራሱ ያርመዋል። እሷ ማንንም አልተቆጣችም፤ ውሃው ነበር የሚቆጣው። ከዚያ የመጀመሪያውን መስመር ዘፈነች፦

«ረጅሟ ነይ፣ ውሃሽ መጣ፣
መንገደኛዋ ነይ፣ ጥምሽ ይውጣ።»

በሶማልኛ ነው የዘፈነችው፤ እኔ እንደሆነልኝ ነው ወደ አማርኛ ያመጣሁት።   ዐይኔ ሂባቅን ፈለገ፤ ከገንዳው አጠገብ ቆማለች። ባልዲዋን ገለበጠች፤ ውሃው ሲሚንቶው ላይ ተንቧቧ። መለሰች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው መለሰ። ከዚያ ዐርባ ስምንቱም።

ግመሎቹ መጡ። ግመሎቹ አንገታቸውን ገንዳው ውስጥ ሲከቱ ከቢርካው ውስጥ አንድ የሻከረ፣ ዝገት የያዘው ድምፅ ተነሣ። ሻርማርኬ ናቸው። ካፊያ ጀርባዋን ወደ እኛ አዞረች፤ ፊቷን አላየሁትም። መስመሯን ግን አልሳተችም።

መምህር የጌታሁን ቅጹ ላይ ይጽፍ ነበር። ብዙ ጻፈ። ሰዓቱን አየ፣ ጻፈ፣ ደግሞ አየ። በመጨረሻ ተነሣ።

«ካፊያ፣ ዐርባ ደቂቃው አልቋል። ዝጊው።»

ገንዳው ገና ከግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ዘፈኑ ከቆመ ግመሎቹ ቀና ብለው ይሄዳሉ፤ ይህን ደምበል ውስጥ ጡት የሚጠባ ሕፃንም ያውቃል።

«ገንዳው አልሞላም» አለች፣ እጇ ሳይቆም።

«በሰዓቱ መጨረስ ግዴታ ነው። ቅጹ ላይ አለ። ትወድቂያለሽ።»

«ልውደቅ» አለች። ጮክ ብላ አይደለም፤ እዚያው ምቱ ላይ፣ የዘፈኑ አንድ መስመር አድርጋ። ልጆቹ አማርኛ የገባቸውም ያልገባቸውም መለሱላት።

መምህር የጌታሁን ፊቱ ቀላ። «ዳይሬክተር፣ እባክዎ ደወሉን ይደውሉ» አለ።

ማሃድ ወደ ቸርኬው ሄደ። ብረቱን አነሣ። ውሃ የሚቆጥር ሰው ነው፤ ክፍለ ጊዜውን አልመልስም ባለችው በዚህች ሴት ላይም ሁለት ዓመት የያዘው ቂም አለ። ብረቱን ከፍ አድርጎ ያዘና ቆመ። ወደ ገንዳው ያያል፣ ወደ ግመሎቹ ያያል። አንድ ባልዲ፣ ሌላ ባልዲ። አይመታም።

«ዳይሬክተር!» አለ መምህር የጌታሁን።

«መምህር፣ ግማሽ የጠጣች ግመል ነገ ትመለሳለች» አለ ማሃድ። «ነገ እንደገና ይቀዳላታል። ሁለቴ ልቅዳ? የማን ውሃ ነው?»

ያኔ አምስቷ ነጥቤ ትዝ አለችኝ። ወላሂ፣ ካፊያ እንደምትለው፣ እንደዚያ ቀን አፌ ጠቅሞኝ አያውቅም።

«መምህር» አልኩት፣ «ክፍለ ጊዜ ከደወል እስከ ደወል ነው። የመምህር ሰዓት ስልክ አይደለም፣ የእጅ ሰዓትም አይደለም። ደወል አልተደወለም። ቅጹ ላይ ያንብቡት፤ እኔን አምስት ነጥብ አስከፍለውኛል።»

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ቅጹን ገለበጠ። አነበበው። እንደ እሱ ያለ ሰው የራሱን ቅጽ አይክድም፤ ጥሩነቱም ክፋቱም እሱ ነው። ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ፣ ጠበቀ።

ገንዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ካፊያ የመጨረሻውን መስመር ጠራች፣ ልጆቹ መለሱ፣ ባልዲዎቹ ወረዱ። ያኔ ማሃድ ቸርኬውን መታው፤ አንድ ጊዜ፣ በደንብ አድርጎ።

መምህር የጌታሁን እስክሪብቶውን አወጣ። «ትምህርቱ በሰዓቱ ተጠናቋል» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገ፤ አጠገቡ ቆሜ አየሁት። የሙዚቃ መሣሪያ ከሚለው አጠገብ «ባልዲ» ብሎ ጻፈና ነጥብ ሰጠ። ደምሮ ቅጹን ዘረጋላት።

«አልፈሻል» አላት።

እኔ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ካፊያ ግን ቅጹን አልተቀበለችውም። እጇ እስከ ክርኗ ርሷል፤ በሻሿ ጫፍ ቀስ ብላ አደረቀችው።

«መምህር፣ ኅዳር ላይ የጣሉኝ ልክ ነበሩ» አለችው። «በባዶ ገንዳ ነበር ያዘፈንኳቸው። ዛሬ ግን ቢጥሉኝም አልወድቅም ነበር።»

ቅጹን ተቀብላ፣ ሳታየው አጥፋ ማራገቢያ አደረገችውና አጎቷን ከቢርካው ልታወጣ ወረደች።